ከአንገቷ የወረደው ማተብ

የባለቤቴን የወርቅውሃን ማተብ ሳጥን ውስጥ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ከክርስትናዋ ጀምሮ አንገቷ ያለ ማተብ ውሎ አያውቅም። እንደነበረ መልሼ ጠቀለልኩት።

ከዚያ በፊትም ያየሁት ነገር ነበር። ሥራችን ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ መሥራት ነው። ሰሙን እሳት ላይ ጥዳ ትረሳዋለች። ስጠራት በሦስተኛው ነው የምትሰማው። በፀሐይ ጋቢ ትደርባለች። ያለ ምክንያት ታለቅሳለች።

ጎረቤታችን ገለኔ ጴንጤ ናት። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ አብረው ይቀመጣሉ። ነገሩን ገጣጠምኩት፤ ሃይማኖቷን ልትለውጥ ነው፣ የምትፈዘውም ልቧ ስለሸፈተ ነው አልኩ። በቁርባን ያገባኋት ሚስቴ ልታመልጠኝ ነው። ሦስት ሳምንት ለብቻዬ በላሁ።

አንድ ጠዋት ገለኔ ደጃፌ ቆመች።

«ጋሼ ዲበኩሉ፣ እትዬን ሆስፒታል ልወስዳት ነው። ይመጣሉ ወይስ ይኮራሉ?»

«ምን ሆና?»

«አንገቷን አላዩም?»

«ማተቧን ማውለቋን አይቻለሁ። ያስወለቅሻትም አንቺ ነሽ።»

«ያ ዋቃ!» ብላ በኦሮምኛ አምላኳን ጠራችና ሳቀች። «ክሩ አንቆ ሊገላት ነበር! ደግሞ እሷን ቸርች ወስጄ ምን ላደርጋት? መዝሙሩን ጀምራ ትረሳዋለች።»

ወርቅውሃ ነጠላዋን ገለጥ አደረገች። ጉሮሮዋ ላይ እንቅርት ወጥቷል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ አናገርከኝ?» አለችኝ።

መቱ ሆስፒታል ደሟን መረመሩ። ሐኪሟ ሰኚ የምትባል ልጅ ናት። «አንገት ውስጥ ያለው ዕጢ ሆርሞን ያመነጫል» አለችን። «የእሳቸው አንሷል። እሱ ሲያንስ ሰውነት ይበርደዋል፣ ሐሳብ አይሰበሰብም፣ ሰው ይከፋዋል።»

«አእምሮዋስ?»

«ደህና ናቸው፣ አባቴ። መድኃኒት አለው።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ክኒኑን በየማለዳው በባዶ ሆዷ ትውጣለች። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ምንም ለውጥ አላየሁም። በሁለተኛው ወር ጋቢውን ጣለች። አንድ ቀን ወደ መንገድ እያየሁ ሰሙ ሊገነፍል ደረሰ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህ የት ነው? ቤቱን ልታነደው ነው?» ብላ ጮኸችብኝ።

እንዲህ ከጮኸችብኝ ዓመት አልፏል። ድስቱን አወረድኩ። ሳቄን ለመደበቅ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ቅዳሜ ጥቁር ክር ገዝቼ ገመድኩ። አንገቷ ላይ ለካሁት።

«ላላ አድርገው» አለች።

አንድ ጣት ጨመርኩ።

ገለኔ በአጥሩ ማዶ አየችን። «ለእኔም ይተርፋል፣ ጋሼ?»

«ላንቺ ከያዮ ጫካ የመጣ ማር ነው ያለኝ» አልኳት። «ዕቃ ይዘሽ ነይ።»