ስድስተኛው ቃል

ከሰኔ ወር ጀምሮ መርከቢቱ ወደ ደሴቲቱ የምትመጣው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ሆነ። ቀድሞ ስምንት ጊዜ ትመጣ ነበር። ሎረታ ይህን የሰማችው ኬፕታውን ነርስነት እንድትማር መመረጧን ባወቀች በሳምንቱ ነው። ትምህርቱ በጥር ይጀመራል፤ በቀኑ ያልተገኘ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። የታኅሣሧ መርከብ ካመለጠቻት ነገሩ አበቃ።

መርከቢቱ መጣች። ወደብ ስለሌለ ከዳር ርቃ ቆመች፤ ማዕበሉ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ፋታ ነሳ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ካፒቴኑ ከቀትር በላይ እንደማይጠብቅ በሬዲዮ አስታወቀ።

ቀዛፊዎቹ ሰውና ዕቃ ወደ መርከቢቱ የምታመላልሰውን ጀልባ ከበው ቆሙ። ከወንዶቹ ብዙዎቹ ደሴቲቱን ለቀው ስለሄዱ፣ ሎረታ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ስድስተኛዋ ቀዛፊ ናት። ሥርዓቱ የአያት የቅድመ አያት ነው፤ ስድስቱም ባሕሩን አይተው ይወረድበት እንደሆነ በየተራ ቃል ይሰጣሉ፤ የመጨረሻው ተራ የታናሽ ነው። አንዱ እንኳ እንቢ ካለ ጀልባዋ ከአሸዋው አትነቃነቅም። ለምን ተብሎም አይጠየቅም።

«እዚያ ስትደርሺ ድንች እወዳለሁ እንዳትዪ» አላት የአክስቷ ልጅ ዳግላስ። «ዓመቱን ሙሉ እሱኑ ያስውጡሻል።»

«ይልቅ ለራስህ እወቅበት። እኔ ከሄድኩ መቅዘፊያው በየት በኩል እንደሚያዝ ማን ያሳይሃል?»

«እናንተ ልጆች፣ አፋችሁን ትታችሁ ባሕሩን እዩ» አሉ አጎቷ ኸርበርት፣ የጀልባዋ አለቃ።

አየች። ውሃው ላይ ላዩን ተኝቷል። ከምዕራቡ አለት ሥር ግን፣ ጥቂት ሞገድ ባለፈ ቁጥር ወደ ውስጥ እየተሳበ ጥቁሩን ድንጋይ እስከ ወገቡ ያራቁተዋል። ይህ ጀልባ የሚገለብጥ ሞገድ ምልክት ነው፤ በስድስት መቅዘፊያ ይታለፍ ይሆናል። እሷን መርከብ ላይ አድርሰው ሲመለሱ ግን አምስት ናቸው። እዚያ አለት ሥር እንዴት እንደሚታይ ያስተማሯት አባቷ ናቸው።

«ይወረዳል» አሉ ኸርበርት፣ ፊታቸውን ከባሕሩ ዳር ወደተሰጡት መረቦች መልሰው።

«ይወረዳል» አለ ዳግላስ። ቀልዱ ከፊቱ ጠፍቷል።

ሌሎቹ ሁለት ቀዛፊዎች፣ ወንድማማቾቹም፣ ተከታትለው እንደዚያው አሉ።

ተራው የአባቷ የባዚል ሆነ። በሌላ ነገር እንጂ በባሕር ነገር ዋሽተው አያውቁም። አለቱን ትክ ብለው አዩት፤ የተሳበው ውሃ እስኪመለስ ጠበቁ። ከዚያም ጎንበስ ብለው ሻንጣዋን አነሱና ትከሻቸው ላይ አኖሩት።

«ይወረዳል፣ ልጄ» አሉ።

ሎረታ ያን ጊዜ ገባት። አለቱን ያላየው አንድም የለም። አምስቱም እያዩ ነው ቃላቸውን የሰጧት።

ከመርከቢቱ የጡሩንባ ድምፅ መጣ።

«አንቺ ቀረሽ» አሉ ኸርበርት። «በይ ቶሎ፣ ሰዎቹ ቸኩለዋል።»

ሎረታ አባቷን አየች።

«አይወረድም» አለች።