ቅቤ ተራ ዕጣውን ሲለቅ

በ1949 ዓ.ም. ሕዝብ እንደራሴውን ይምረጥ ሲባል፣ የቅቤ ተራ ዕቁብ ዳኛ የነበሩት ቅቤ ነጋዴው ጋሽ ዘውገ ለፓርላማ ሊወዳደሩ ተነሡ። ምርጫ ምን እንደሆነ ለቅቤ ተራው ሴቶች የማስረዳቱ ሥራም በእሳቸው ላይ ወደቀ። እሳቸው ደግሞ ከዕቁብ ሌላ ምሳሌ አያውቁም።

«ልክ እንደ ዕቁባችን ነው» አሉ እሑድ፣ ዕጣ ከመውጣቱ በፊት። «እያንዳንዳችሁ ዕጣ አላችሁ። የወደዳችሁትን ሰው ምልክት የያዘውን ወረቀት መርጣችሁ ሣጥን ውስጥ መክተት ነው። የኔ ምልክት ሚዛን፣ የባላጋራዬ ዶሮ። ማን ማንን እንደመረጠ ግን ምስጢር ነው፤ ባልም አይጠይቅ!»

ሴቶቹ ሣቁ፤ ገባን ብለው ተመዘገቡ።

የምርጫው ቀን ጋሽ ዘውገ ከተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በተተከለው የምርጫ ድንኳን ፊት ለፊት ቆመው ቢጠብቁ ቢጠብቁ፣ ከቅቤ ተራ አንዲት ሴት ብቅ አላለችም። የአትክልት ተራው ሰው እንኳ መጥቶ መርጦ ሄዷል። ስንቱን ሠርግ፣ ስንቱን ለቅሶ አብረን አሳልፈን! ሆድ ባሳቸው። «ለሰው ሞት አነሰው» እያሉ ከሰዓት በኋላ ወደ ተራው ገሠገሡ።

ሴቶቹ ገና ከሩቅ ሲያዩዋቸው እልልታውን አቀለጡት።

«እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ!» አለች በለጥሻቸው፣ እጇ ቅቤ እንደነካ።

«የምን ደስታ? ለምን አልመጣችሁም?»

«ምን ልንሠራ? ሁላችንም ዕጣችንን ለእርስዎ ለቀናል እኮ!»

በዕቁብ ደንብ አንዱ ሲቸግረው ሌሎቹ ዕጣቸውን ከለቀቁለት፣ ዕጣ ማውጣት ብሎ ነገር የለም፤ እሱ ይወስዳል። ለካ ምሳሌው ነው ጉድ የሠራቸው። ያ ሁሉ ቁጣቸው በረደ።

«ልጆቼ፣ ይህኛው ዕጣ አይለቀቅም። በገዛ እጅ ነው የሚከተተው። ሂዱና ስጡ፤ ለኔም ባይሆን ለፈቀዳችሁት።» ይህችን የመጨረሻዋን ለመናገር ምላሳቸው ከብዷቸው ነበር።

ሴቶቹ እጃቸውን ሳይታጠቡ ሮጡ፤ ድንኳኑ ሊዘጋ ሲል ደረሱ።

ጋሽ ዘውገ ተሸነፉ። ሲቆጠር ግን ቆመው አይተዋል። ቅቤ የነካው ወረቀት ወዝቶ ከሩቅ ይለያል፤ ሚዛን፣ አሁንም ሚዛን፣ እንደገና ሚዛን። ደስታ ሽንፈታቸውን አስረሳቸው። በመጨረሻ የወጣው ቅቤያም ወረቀት ግን ዶሮ ነበር።

በማግስቱ ሴቶቹ ሊያጽናኗቸው ከበቧቸው። «ሁላችንም ለእርስዎ ነው የሰጠነው!» አሉ ባንድ ድምፅ።

ጋሽ ዘውገ ሁሉንም ተራ በተራ አዩአቸው። ሁሉንም ይወዷቸዋል።

«ምስጢር ነው ብያችሁ የለ?» አሉና ቅቤያቸውን መመዘን ጀመሩ።