ሦስት ሳምንት በዴኻር

ሜሪ የጋሽ ብዙነህን በር ያንኳኳችው በጡጫ ነው። ከቢሾፍቱ አዳማ እስክትደርስ ንዴቷ አልበረደም።

ጋሽ ብዙነህ አባታቸው በጦርነት ሲሞት በልጅነታቸው ኩባ ተልከው እዚያ ያደጉ፣ አሁን ሳሎናቸው ውስጥ ስፓኒሽ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ማስተማሩንስ ያስተምራሉ፤ ማዳመጥ ነው እንጂ ያልፈጠረባቸው!

ሜሪ የክሊኒክ ካርድ ክፍል ተቀምጣ ፋይል ማገላበጥ አንገሽግሿታል። ቢሾፍቱ የሚመጡ የስፔን የዓይን ሐኪሞች አስተርጓሚ ይፈልጋሉ ሲባል፣ መውጫዬ ይሄ ነው አለች። አንድ ዓመት ተማረች። ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ግን ጋሽ ብዙነህ አንዲት ግስ ይዘው ችክ አሉ፤ ዴኻር። መተው ነው ይላሉ፤ መፍቀድም ነው። ዣንጥላ ማዋስ፣ ሲጋራ ማቆም፣ ሰውን ከባጃጅ ማውረድ፣ ለልጅ ቤት ማውረስ፣ ሁሉም ዴኻር ነው። ከዚያ ወሬው ወደ ሃቫና ያመራል። ሜሪ አፏን በከፈተች ቁጥር ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ታላቅ ሲናገር ማቋረጥ ነውር ነው ተብላ ያደገች ልጅ ምን ታድርግ? በውስጧ እየበገነች አንገቷን ትነቀንቃለች።

ዛሬ ጠዋት፣ ፈተናው ላይ፣ ያ ጨዋነቷ ጉድ ሠራት። ፈታኙ ሐኪም ሽበታም አዛውንት ነበሩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግረው ዝም አሉ፤ ትንፋሽ የሚወስዱ መስሏት ጠበቀች። ቀጠሉ፤ ዝም አሉ፤ አሁንም ጠበቀች። እሷ ንግግራቸውን እስኪጨርሱ ነበር የምትጠብቀው፤ እሳቸው ደግሞ በየመሃሉ እንድትተረጉም ነበር ዝም የሚሉት፤ ምንም እንዳልገባት ቆጠሩና አመስግነው ሌላ ተፈታኝ አስጠሩ። ሁሉም ገብቷት ነበር! እያንዳንዷ ቃል!

ጋሽ ብዙነህ በሩን ከፍተው የሆነውን ሲሰሙ፣ «አየሽ፣ ዴኻርን አንዴ ብንከልሰው ኖሮ...» ብለው ጀመሩ።

«ዴኼሜ አብላር!» ብላ ጮኸችባቸው። በዚያችው ግስ፣ ይተዉኝ፣ ልናገርበት ማለቷ ነበር። በሕይወቷ ታላቅ ሰው ስታቋርጥ የመጀመሪያዋ ነው። «ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አናግረውኝ ያውቃሉ? እዚህ የተማርኩት ስፓኒሽ አይደለም፤ ዝም ማለት ነው!»

ጋሽ ብዙነህ ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ።

«ልጄ፣ ከኩባ ከተመለስኩ ሠላሳ ምናምን ዓመቴ ነው። ስፓኒሽ ሳወራ የሚሰማኝ ሰው ያገኘሁት አንቺን ብቻ ነው።»

ሜሪ ልታዝንላቸው ሞከረች። አንጀቷ እምቢ አለ።

«ታዲያ የሠላሳ ዓመቱን ዝምታ በእኔ ላይ ይወጡት?» አለችና በሩን ሳትዘጋ ወጣች።