ከበሬ በስተግራ

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ በሬ» ይላታል። እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም፤ የገዛ አፏ ነው ያወጣላት። ጠዋት በሯን ከፍታ መኪና ተገትሮ ባየች ቁጥር «ኧረ በሬ! በሬን ዘጉብኝ!» ብላ ስትጮህ፣ ለአላፊ አግዳሚው በሬ የጠፋባት ገበሬ ትመስለው ነበር። በግትርነቷም ቢሆን ስሙ አልተሳሳተም።

በሯን የሚዘጋው ከጎኗ ያለው ባለታክሲ ነው። ደጁ ጠባብ ስለሆነ የመኪናውን አፍንጫ በራሱ፣ ቂጡን በእሷ በር ላይ ያሳድራል።

«አንተ! ይሄን ቆርቆሮ አንሳልኝ! መውጫ አያስፈልገኝም?»

«እትዬ፣ ለእግርዎ የሚሆን ትቼልዎታለሁ እኮ።»

«እግሬን መቼ ለካኸው?»

«ደግሞስ በሬ ላይ ቀንበር ይጫናል እንጂ መኪና ይቆማል እንዴ?» አለ ባለታክሲው።

መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። ሌላውን ሁሉ ችላ ነበር፣ ይቺን ቀልድ ግን መዋጥ አቃታት። በማግስቱ ጫማዋን ወልውላ ወደ መንገዶች ጽሕፈት ቤት ሄደች። መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ጸሐፊ ተቀበላት።

«መኪና እንዳይቆምብኝ ቢጫ መስመር ይሰመርልኝ» አለችው።

«በየት በኩል ነው የሚቆመው፣ እናቴ?»

«በግራ ነዋ!» ግራ እጇን ዘረጋችለት። በሯ ላይ ቆማ መንገዱን ስታይ ባለታክሲው በግራዋ፣ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቷ በቀኟ ናቸው። ዓለም ሁሉ እሷ በር ላይ ቆሞ የሚያይ ይመስላት ነበር።

ጸሐፊው ጽፎ ሲጨርስ «ከመፈረምዎ በፊት ላንብብልዎ?» አለ።

ፊደል አለመቁጠሯን ያወቀባት መሰላት። «የገዛ ቃሌን አንተ ልታነብልኝ? ምን እንዳልኩ ጠፍቶኝ ነው?» አለችና አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ ደፈጠጠችው።

ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ ለልብስ ሰፊዋም ቢሆን። ልብስ ሰፊዋ ማለት ደግሞ ከእህት የምትበልጥባት ናት። ሃያ ዓመት በአንድ ግድግዳ ተጎራብተዋል። ለእትዬ በሬ ደብዳቤ ሲመጣ «ምን ይላል?» ሳትባል፣ ለራሷ እንደምታነብ ሰው ጮክ ብላ ታነበዋለች። የአንዷን ክብር ሌላዋ እንዲህ ሸፍና ነው የኖሩት።

መስመሩ የተሰመረ ዕለት እትዬ በሬ ክሊኒክ ውላ ነበር። ስትመለስ ያየችውን ማመን አቃታት። ቢጫው ከበሯ ጠርዝ ተነስቶ፣ ለመብራት ምሰሶው እንደ እባብ ተጣምሞለት፣ የልብስ ሰፊዋን ደጅ ከዳር እስከ ዳር ይዞታል። በባለታክሲው በኩል ጠብታ ቀለም የለም። ታክሲው ቂጡን በለመደው ቦታ አሳርፎ ቆሟል።

«ምን ሆናችሁ ነው? ዓይን የላችሁም?» አለችው ባልዲውን የሚያጥበውን ቀለም ቀቢ።

«ወረቀቱ ግራ ይላል፣ እማማ። ከመንገድ ሆነን በሩን ስናይ ግራው ይሄ ነው።»

ይህን ጊዜ ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወጣች። «ደንበኞቼ የሙሽራ ቀሚስ ተሸክመው ከየት ይምጡ? ማነው እንዲህ የጠላኝ፣ እትዬ?»

«እኔ ነኝ፤ ተሳስቼ ነው» ቢሉት አራት ቃል ነው። ከአራቱ ቃል በኋላ ግን «ሳያስነብቡ ፈረሙ እንዴ?» የሚል ይከተላል። እሱን ነው የፈራችው።

«ማን ይሆናል? ያ ባለታክሲ ነዋ!» አለች።

ልብስ ሰፊዋ አመነቻት። ለምን አታምናት? ሄዳ በሰው ፊት የሰውየውን ዘር ማንዘር ስትሰድብ እትዬ በሬ መስኮቷን ዘግታ ተቀመጠች። እሱ ቢምል ቢገዘት ማን ሰምቶት! ከዚያ አንዷ ደንበኛ ተቀጣች፤ የአንዷ ሙሽራ እናት መኪና ጎማው ታሰረ። ሦስተኛዋ ጨርቋን መልሳ ወሰደች። የስፌት ማሽኑ ድምፅ ግማሽ ቀን ዝም ማለት ጀመረ፤ እትዬ በሬ ዝምታው በግድግዳው በኩል ይሰማት ነበር።

«እትዬ፣ አፍ ያለዎት እርስዎ ነዎት። ነገ ጽሕፈት ቤቱ አብረውኝ ይሂዱ።»

«ወገቤን ቆርጦ ይዞኛል፣ እህቴ።»

ልብስ ሰፊዋ ብቻዋን ሄደች። ከሰዓት በኋላ ተመልሳ ስትገባ አልተቀመጠችም።

«ወገብዎ እንዴት ዋለ?»

«ሻል ብሎኛል።»

«ወረቀት አምጥቻለሁ። ላንብብልዎ?»

በዚያን ቀን ለራሷ እንደምታነብ አላስመሰለችም። ቃል በቃል፣ ቀስ ብላ፣ ዓይን ዓይኗን እያየች አነበበችላት። የአመልካቿ ስም ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ወረደ። ከሥሩ የአውራ ጣቷ አሻራ ነበር።

«ግራና ቀኝ ማንም ይሳሳታል» አለች ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን እያጠፈች። «ያኔውኑ ቢነግሩኝ ስቀን እናልፈው ነበር። ያን ምስኪን ሰው በሰው ፊት ያዋረድኩትን ግን በምን ልመልሰው? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ እትዬ።»



በማግስቱ እትዬ በሬ ጸሐፊው ፊት ተመልሳ ቆመች። «መስመሩ ይፋቅ» አለች። ጽፎ ሲጨርስ ራሷ ቀደመችው፦ «አንብብልኝ። ፊደል አላውቅም።» አነበበላት። የሚፋቀው ግን ከሦስት ወር በኋላ ነው ተባለች።

ልብስ ሰፊዋ ሦስት ወር አልጠበቀችም። ገበያው መሃል ክፍል ተከራየች። ዕቃዋን የጫነላት ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ባለታክሲው! ይቅርታ ጠይቃው ታርቀዋል። በእሷ ደጅ ማቆም ስለተከለከለ መኪናውን አምጥቶ እትዬ በሬ በር ላይ ግጥም አድርጎ አቆመው፤ ለእግር የሚሆን እንኳ አልተወም።

እትዬ በሬ በሯ ላይ ቆማ ነበር። ማሽኑ ሲጫን አየች። ሰፈሩ ጆሮውን ጥሎ ጩኸቷን ጠበቀ። አልጮኸችም።

«ይፋቃል እኮ» አለች በመጨረሻ። «አስነብቤ ነው የፈረምኩት።»

«ደግ አደረጉ፣ እትዬ» አለች ልብስ ሰፊዋ። እጇን ጨብጣት መኪናው ውስጥ ገባች።

መኪናው ሲነሳ በሯ ፊት ለፊት ወለል አለ። አንድም የሚዘጋው ነገር የለም። በዚያው ሳምንት በበሩ ሥር ደብዳቤ ገባ፤ እስከ ዛሬ ጠረጴዛዋ ላይ እንደታሸገ ነው።