ትሪው ላይ የቀረችው

የልጅ ልጄ በአካባቢ ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትይዝ ደስታዬ አንድ፣ ጭንቀቴ ሁለት ሆነ። ሁለት መሥሪያ ቤቶች ፈለጓት። አንዱ አማካሪ ድርጅት ነው፤ የሚሽከረከር ወንበር፣ ሰርቪስ፣ ነፋስ የማያስገባ መስኮት አለው። ሌላው የውሃ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሥራው ወንዝ መግባት። ወንዝ! ዝናብ ባካፋ ቁጥር ጭንቅላቷን በሁለት ሻሽ ጠፍሬ ያሳደግኳት ልጅ!

«ነገ መልስ እሰጣለሁ፤ ያላንቺ ምርቃት ግን የትም አልገባም» አለችኝ። እኔ እንደሆነ ምርቃቴን ለወንበሩ አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ። «መጀመሪያ ነይና እይ» ብላ እየጎተተች ወንዝ ወሰደችኝ።

ጃንጥላ፣ ፎጣ፣ ደረቅ ካልሲና የሳል ሽሮፕ ይዤ ወጣሁ።

«እማማ፣ አገር ልትለቂ ነው እንዴ?»

«ጎርፍ ሲወስድሽ በምን ልጎትትሽ?»

«በሳል ሽሮፕ?»

ይህችን ልጅ ያበላሸኋት እኔው ነኝ።

የቆዳ ፋብሪካው ፍሳሽ ለዓመታት የሚወርደው እዚሁ ድልድይ ሥር ነበር፤ ማጣሪያ ያስገቡት በቅርቡ ነው። እሷም ለመመረቂያ ጥናቷ ሁለት ዓመት እዚህ ተመላልሳለች። የላስቲክ ቦት ጫማዋን አጥልቃ ገባች፤ መረቧን ውሃው በሚሄድበት በኩል ደቅና ድንጋዩን በእግሯ ታተረማምሰው ጀመር። እኔ ፎጣውን ዘርግቼ ጠበቅኳት። መረቡ የያዘውን ነጭ ትሪ ላይ ገልብጣ አጠገቤ አስቀመጠችና ለሁለተኛ ዙር ተመለሰች።

ትሪውን አየሁት። ጭቃ፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ የሚርመሰመስ ትል። የቆሸሸ ዕቃ እያየሁ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ደግሞ አልፈጠረብኝም። አንስቼ ደፋሁት፤ ወንዙ ውስጥ ደህና አድርጌ አለቀለቅሁት።

«እማማ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«አጠብኩልሽ።»

«ናሙናውን?»

«ናሙና ይሁን ምን በምን አውቃለሁ? ቆሽሾ ነበር!»

ፊቷን በክንዷ ሸፈነች፤ ትሳቅ ታልቅስ አለየልኝም። ደንግጬ ትሪውን ሳገላብጥ ጥጉ ላይ አንዲት ነገር ተለጥፋለች። በጣቴ ገፋ አደረግኳት፤ ንቅንቅ አላለችም።

«ይቺ ደግሞ አልለቅም ብላለች» አልኩ።

ልጅቱ ውሃውን እያንቦጫረቀች መጣች። አጎንብሳ አየቻት። ትንሽ ውሃ ጨመረችላት፤ ማጉያ መነጽሯን ለእኔ አቀበለችኝ።

የስንዴ ፍሬ አታህልም። የተዳመጠች ይመስል ጠፍጣፋ ናት፤ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሦስት ጭራዎች አሏት። ግራና ቀኝ ጎኗ ላይ ደቃቅ ቅጠል የመሰለ ነገር ተደርድሮ ይርገበገባል።

«መተንፈሻዋ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ውሃ እንዳይወስዳት ድንጋይ ላይ ትለጠፋለች፤ ለዚህ ነው ያልለቀቀችልሽ። ስታድግ ክንፍ አውጥታ ትበራለች፤ ያኔ እህል ውሃ የለ፣ ዕድሜዋ ቢበዛ ቀን ሁለት ቀን ነው። ቆሻሻ ውሃ አትችልም። ከዚህ ድልድይ ሥር ስፈልጋት አንዲት እንኳ አላገኘሁም ነበር። እማማ፣ ተመልሳለች እኮ!»

በዚህ ድልድይ ሳልፍ ዕድሜዬን ሙሉ አፍንጫዬን ይዤ ነው። እዚያ ድንጋይ ሥር ቤት ያላት፣ ቤቷ ሲመረዝ የጠፋች፣ ሲጠራ ማንም ሳይጠራት የመጣች ነፍስ አለች ብሎ ማን ነገረኝ? ትተነፍሳለች። ዓይኔ እያየ ትተነፍሳለች። ፈጣሪዬ! ይህን ያህል ሥራ፣ ይህችን በምታህል ገላ!

«አንቺው መልሻት» አለችኝ። ከነጫማዬ ገባሁ። ውሃው ቁርጭምጭሚቴን ሲይዘኝ ጉንፋኑም ትዝ አላለኝ።

«እና ነገ ማን ጋ ልደውል?» አለች ቀስ ብላ።

ቦት ጫማዋን አየሁት፤ ጎኑ ተሰንጥቋል።

«ይሄ ውሃ ያስገባል። አዲስ ካልሰጣችሁኝ አልገባም በያቸው። ገመድም ይስጡሽ። ብቻሽን ደግሞ እንዳትገቢ።»

አንገቴ ሥር ገብታ አቀፈችኝ። ለወንበሩ ያዘጋጀሁትን ምርቃት እዚያው ወንዝ ውስጥ ቆሜ አወረድኩላት።

«በይ አሁን የደፋሁብሽን መልሰሽ አምጪ» አልኳት። «ትሪውን እኔ እይዝልሻለሁ። አልነካካውም።»