ስሜን የገዛው የትራስ ፋብሪካ

አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር፣ ጉልበቷ የከዳት ሴት ምን ትሠራለች የሚል ካለ፣ እኔ ትራስ እሠራለሁ። ጥጥ እነድፋለሁ፣ እሞላለሁ፣ እሰፋለሁ። ሊፍቱ እኛ ከመግባታችን በፊት ነው የሞተው። በሩ ላይ «በጥገና ላይ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ራሱ አርጅቶ ጥገና ይፈልጋል። ስለዚህ የምወርደው ሐኪም ቤት ስሄድ ብቻ ነው፣ እሱንም በልጄ ጀርባ። ለአቅመ አያትነት የደረሰች ሴት እናቷን አዝላ ደረጃ ስትወርድ ጎረቤት በሩን ገርበብ አድርጎ ያያል። እኔም እዚያው ጀርባዋ ላይ ሆኜ፣ «ምን ታፈጣላችሁ፣ እኔም አዝያታለሁ» እላቸዋለሁ።

ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ እማማ ትራስ በሚለው ነው። እናቴ ያወጣችልኝን ስም እኔ ራሴ ልረሳው ምንም አልቀረኝ።

የልጄ ባል ኮምፒውተር ሲጠግን የሚውል ሰው ነው። አንድ ቀን አጠገቤ ቁጭ አለና፣ «እማማ፣ ስምዎን ኢንተርኔት ላይ ላስመዝግብልዎት» አለኝ።

«ማን ሊወስድብኝ?»

«የቀደመ ሁሉ። ዶሜይን ይባላል። ከተመዘገበ በኋላ እማማ ትራስ ዶት ኮም ብሎ የጻፈ ሰው በቀጥታ እርስዎ በር ላይ ነው የሚቆመው።»

ልጄ ልብስ እያጠፈች ከት ብላ ሳቀች። «ዛሬ ስም የሚጽፍ ማን አለ? ሰው ፎቶ ያያል፣ በጣቱ ይነካል፣ ይገዛል። ሶሻል ሚዲያ ላይ ገጽ ከፍተንላታል፣ ምን ጎደላት?»

«ገጽ የኪራይ ቤት ነው። አከራዩ የከፋው ቀን ያስወጣሻል። ዶሜይን ግን የራስሽ ቤት ነው።»

«አንተ ደግሞ። በዶት ኮም ያለፈለት ማንን አየህ?»

እኔ ለማንም አላደላሁም። ለአንዱ ካደላሁ ሌላው ምሳዬን ፊቱን አጥቁሮ ነው የሚያመጣልኝ። የእሱ ስልክ ያን ሰሞን ተበላሽቶ ስለነበር ስሜን በእኔ ስልክ ቁጥር አስመዘገበው። ያኔ ልብ ያለው አልነበረም።

ትምህርት ቤት በደጁም አላለፍኩ። የፊደል ነገር ኋላ የመጣ ስለሆነ ስጽፍ እጄ ይንቀረፈፋል፤ ምላሴ ግን ማንንም አይጠብቅም። ስለዚህ አማቼ ድምፄን ቀዳልኝ። በስሜ የመጣ ሰው አንዲት ቁልፍ ሲነካ እኔ፣ «በየትኛው ጎንህ ነው የምትተኛው?» እለዋለሁ። እሱም በድምፅ ይመልስልኛል። እሰማዋለሁ፣ ከዚያ እሠራለታለሁ። በጎኑ ለሚተኛ ጠቅጠቅ፣ ከፍ። በጀርባው ለሚተኛ መሃሉን ሳሳ። በሆዱ ለሚተኛ ደግሞ ስስ አድርጌ ከነቁጣዬ እልክለታለሁ። አንዲት ሴት፣ «እኔ እንኳ ጎን የለኝም፣ ባሌ ሲያንኮራፋ ቁጭ ብዬ ነው የማነጋው» አለችኝ። «እንግዲያው ትራሱ ለእሱ አፍ ነው» አልኳት። ስትስቅ ቀድታ ላከችልኝ።

ከዚያ ገጹ ተዘጋ። የሶሻል ሚዲያው ባለቤቶች ደንብ ጥሳችኋል አሉ፤ የትኛውን ደንብ እንደሆነ አልነገሩንም። ልጄ አለቀሰች። አማቼ «ብያችሁ ነበር» አላለም፤ ያፏጭ ጀመር፣ እሱ ይብሳል። ደንበኞቼ ግን ገጹን ሲያጡ ስሜን ጻፉ። መጡ። እኔ መውረድ ያቃተኝን ደረጃ ስሜ ወርዶ፣ ሰው ይዞ ተመለሰ። ሆዴ ሞላ፣ አልዋሽም።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። አማቼ አንድ ሰውዬ ይዞ መጣ፤ ከስፖንጅ ትራስ ፋብሪካ ነው። ደረጃው ቆዳውን ገፎት፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ለመናገር ትንፋሹን እየጠበቀ ተቀመጠ።

«ስምዎን ልንገዛ ነው የመጣነው፣ እማማ» አለ። «ዶሜይኑን። ድምፅዎንም እንዳለ እንወስደዋለን፣ ሰው ለምዶታል።»

«ሰው ሲመልስልኝ የሚሰማውስ ማን ነው?»

አሰበበት። «መልሱ ተቀድቶ ይቀመጣል» አለ።

ከዚያ ወዲያ እኔ ትራስ ሠርቼ አልሸጥም፤ እማማ ትራስ ነኝ ብዬም ለገዢ አፌን አልከፍትም። ውሉ እንዲህ ነው። ዋጋው ደግሞ ምድር ላይ ያለ፣ ግቢ ያለው ቤት የሚገዛ ነው። ልጄ ቤቱን ቀድማ አይታዋለች። «በሩ ከመንገዱ እኩል ነው እማዬ» አለችኝ። «ደረጃ የሚባል የለውም።»

ዞሬ አየኋት። «ስም ዋጋ የለውም ስትይ አልነበር? ዛሬ ቤት አከለልሽ?»

«ያኔ ገዢ አልነበረውማ።»

«አንተስ?» አልኩት አማቼን። «የራስ ቤት ነው ብለህ አልነበር?»

ጫማውን እያየ፣ «ቤትም ይሸጣል፣ እማማ» አለ።

ሁለቱም ቀልባቸው እዚያ ግቢ ውስጥ ነበር። እኔን ያሰረኝ ጉልበቴ ነው፤ እነሱን ያሰርኳቸው እኔ። ይሄን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

ስሙ ከእጄ የሚወጣው ስልኬ ላይ በሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር ነው። አማቼ ኮምፒውተሩን ከፍቶ አንድ ነገር ሲነካ ስልኬ ጭኔ ሥር ነዘረኝ። ሦስቱም ጭኔን አፍጥጠው አዩ። በዕድሜዬ ጭኔ ይሄን ያህል ታይቶ አያውቅም።

«ቶሎ ካልገባ ቁጥሩ ይሞታል» አለ ሰውዬው።

«ይሙታ።»

ሞተ። አማቼ ሌላ አስላከ። እሱም ጭኔ ሥር ሞተ። ልጄ የምንጣፉን ጠርዝ በእግሯ ታስተካክል ጀመር፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ሰውዬው ዞርኩ። «አንተ በየትኛው ጎንህ ነው የምትተኛው?»

«እኔ? እንጃ። እንደወደቅኩ ነው።» ፈገግ አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ።

«እውነቱን ንገረኝ፣ ልጄ። ይሄን ስም ምን ልታደርጉት ነው? ሰው ዛሬ ስም አይጽፍም ይባል የለም?»

«አብዛኛው አይጽፍም። የሚጽፉት የቆዩ ደንበኞች ናቸው» አለ። «እነሱ ደግሞ እርስዎን እንጂ እኛን አይፈልጉም። የምንገዛውም ለዚሁ ነው።»

ልጄ ውኃ ልታመጣለት ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ወገቧን ይዛ ቆመች፤ መቃኑን ተደግፋ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሰው ገባች። ያየኋት አልመሰላትም።

«አስልከው» አልኩት አማቼን።

ስልኩ ነዘረ። ከጭኔ ሥር አወጣሁትና ቁጥሩን እያንዳንዱን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። እሱ ጻፈ። ነገሩ ያለቀው ትራስ ከአልጋ ሲወድቅ ከሚያሰማው ባነሰ ድምፅ ነው።

አዲሱ ቤት ልጄ እንዳለችው ነው። ማንም ሳያዝለኝ፣ በምርኩዜ፣ እስከ በሩ ሄጄ መንገዱን ነካሁት። ልጄ ከኋላዬ እንደ ልጅነቷ ሳቀች። ያን ቀን ደግ አደረግኩ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ሁሉ መቀመጥ ሆነ። የጥጥ መንደፊያዬ ደጋን ዕቃ ቤት ተሰቀለ። እጄ ሥራ ሲያጣ የቀሚሴን ጠርዝ ይፈትላል። አዲሶቹ ጎረቤቶች፣ «ማን ልበልዎት?» ሲሉኝ እናቴ ያወጣችልኝን ስም እነግራቸዋለሁ፤ እንደ ሰው ጫማ አልገጥም ይለኛል። ሲጠሩኝም ቶሎ አልሰማም። ጆሮዋ ደከመ ብለው ጮክ ይላሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ጋ ተቀምጬ ሳለ አንድ ጎልማሳ ትራስ በብብቱ ይዞ መጣ። የጫማው ማሰሪያ ተፈትቶበት ጎንበስ ሲል ትራሱ ላይ የተሰፋውን ጨርቅ አየሁት። ስሜ ነው።

«እስቲ ስጠኝ» አልኩት።

ሰጠኝ። በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ሰመጠ፣ ወዲያው ደግሞ ምንም እንዳልተነካ ተመልሶ ተነፋ። ጥጥ የተጫኑትን ትንሽ ይይዛል። ይሄ ምንም አይይዝም።

«ከማን ገዛኸው?»

«እማማ ትራስ የሚባሉ ሴትዮ አሉ። በድሮው ዶት ኮማቸው ገብቼ። ይኸው፣ ራሳቸው ናቸው የጠየቁኝ።» ስልኩን አውጥቶ ነካው።

«በየትኛው ጎንህ ነው የምትተኛው?» አልኩ፣ ከስልኩ ውስጥ።

«ምን ብለህ መለስክላት?»

«እንደው የሚሰሙኝ መስሎ ስለተሰማኝ ብዙ አወራሁ። አንገቴ ያመኛል። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ በእሷ በኩል ነው የምተኛው፣ እዚያ ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም አልኳቸው።»

«ምን አለችህ?»

«እስካሁን አልመለሱም። ትራሱን ግን ላኩልኝ። ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል።»

አፌን ከፈትኩ። ልጄ መስኮቱ ጋ ቆማ ታየኛለች፤ ዕቃ የምታጥብበት እጇ ቆሟል። ስትቆም አሁን ወገቧን አትይዝም። አፌን ዘጋሁ።

ቆይቼ፣ «ፎጣ አጥፈህ ከሥሩ አድርግበት» አልኩት። «ወደ አንገትህ ጠጋ አድርገህ።»

«ትራስ ያውቃሉ እንዴ፣ እናቴ?»

«ምን አውቃለሁ። አሮጊት ነኝ፣ ብዙ ተኝቻለሁ።»

ሳቀና አመስግኖኝ ሄደ። በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው፤ መንገዱም ከእግሬ እኩል። አልተነሣሁም። ሰውዬው ትንሽ ከሄደ በኋላ ስልኩን ነካ መሰል፣ ድምፄ እንደገና ሲጠይቀው ሰማሁ። ቆመ። ትራሱን በብብቱ እንደያዘ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋና ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግራት ጀመር።