የዶክተሩ ቦታ

ቅዳሜ ጠዋት የወጣሁት ልጣላ ነበር። ከሱቄ ጀርባ ባለው ሜዳ መረብ ኳስ የሚጫወቱት ሽበታሞች መስኮቴን በኳስ ሲደበድቡት ደንግጬ መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የምበላው በጣቴ ነው። አፌን ከፍቼ ሳልጨርስ አምበላቸው፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር፣ «እትዬ፣ ስድቡን በኋላ ይጨርሱታል። ጥርስ ሐኪማችን እግሩ ተሰብሮ ሰው ጎድሎናል፤ እስቲ እዚህች ጋ ይቁሙልን» አለኝ።

ቆምኩ። ኳስ መጣ፣ መታሁት፣ ተሻገረ። ሁሉም አጨበጨቡ። በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ ማን አጨብጭቦልኝ ያውቃል?

ከዚያ ወዲያ አበድኩ። ደንበኛ እየለካሁ እንኳ እጄ ባዶ አየር ይመታል። ባለቤቴ «በስተርጅና ምን ነካሽ?» ይላል፤ ይበል። ጭንቀቴ አንድ ብቻ ነበር፦ ቦታው የዶክተሩ ነው፤ እሱ የዳነ ዕለት የኔ ነገር አበቃ።

ስለዚህ ብርቱካን ገዝቼ ልጠይቀው ሄድኩ። በአፌ «ይማርህ» ልል፣ በሆዴ ግን «አትቸኩል» ልመክር። የቤቱን ደረጃ ስወጣ እሱ እየዘለለ ሲወርድ ተገጣጠምን። ሲያየኝ ማነከስ ጀመረ።

«ድነሃል እኮ!» አልኩት ክው ብዬ።

«ቀስ ይበሉ እትዬ፣ ባለቤቴ ትሰማለች! እሷ ናት ቦርጭህን አጥፋ ብላ የላከችኝ። እኔ ኳስ ሳይ ያመኛል። ይሄ ስብራት የሰማይ ስጦታ ነው።»

«እንግዲያው አጥንት ተንኮለኛ ነው፤ ደህና አድርገህ ተኛ» አልኩትና ብርቱካኑን ሰጥቼው በደስታ ተመለስኩ።

ግን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። በሳምንቱ ሚስቱ ክንዱን እንደ ሌባ ይዛ ሜዳ ድረስ አመጣችው።

«ድኗል። ቦታውን መልሱለት» አለች።

አምበሉ መሬት መሬት ያይ ጀመር። እኔም እንደ ልማዴ ልወጣ አንድ እግሬን አነሳሁ፤ እንባዬ ግን ቀደመኝ። ጥሩ ጥሩውን ጉርሻ ለልጆቼ፣ አልጋዬን ለእንግዳ ስሰጥ የኖርኩ ሴት ነኝ። እግሬን መልሼ አሳረፍኩት።

«አልወጣም!» አልኩ። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። «ሌላ ቦታ ይፈልግ። ይህቺ የኔ ናት!»

ልትሰድበኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ላቤን አየች፣ ጉልበቴ ላይ የተለጠፈውን ፕላስተር አየች። ከዚያ ወደ ባላጋራዎቻችን ዞረች።

«እናንተ ጋስ ሰው አልጎደለም?»

ቦርሳዋን ባሏ ላይ ወርውራ ባለተረከዝ ጫማዋን አወለቀች። ዶክተሩ ቦርሳውን ታቅፎ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ የሠርጉ ዕለት እንኳ እንደዚያ ደስ ያለው አይመስለኝም።

የላከችው የመጀመሪያ ኳስ ግንባሬን አገኘኝ። ይቅርታ አልጠየቀችም።

«መልሱልኝ!» ብላ ጮኸች። «ልድገመው!»